የሚስ ዶሪስን ደብተር ይዤ ወደ ሜዳ

አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኦሮራ ካለው አፓርታማዬ ስወጣ፣ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር አይቼ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ ስለ ቤዝቦል የማውቀው፣ ጨዋታ ባለበት ቀን መኪና ይዞ መሀል ዴንቨር መግባት እብደት መሆኑን ብቻ ነው። የወጣሁትም ደጋፊ ሆኜ ሳይሆን አደራ ተቀብዬ ነው። በላስቲክ የያዝኩት ደብተር የሌላ ሰው ነው። ጨዋታውን አንድም ሳላስቀር ጽፌበት ማታውኑ መመለስ አለብኝ።

የደብተሩ ባለቤት ሚስ ዶሪስ ይባላሉ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ሥራዬ ያስገድደኛል። እኔ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ፤ እሳቸው ከማያቸው ሰዎች አንዷ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሲዳከም የቆየው ዓይናቸውም በዚያው ጭራሽ እምቢ አለ። አሁን በር ከፍቼ ስገባ የሚያዩት ጥላዬን ነው። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን ሳናግራቸው በልቤ አንቱ እያልኩ ነው።

ሚስ ዶሪስ የዴንቨር ቡድን ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በየዓመቱ በሜዳው የሚያደርገውን የመጀመሪያ ጨዋታ ሳያጓድሉ ገብተው አይተዋል። ያዩትንም ጽፈውታል። ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ገጽ አለ። በገጹ ላይ ለእያንዳንዱ መቺ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለችው። ኳሷን መታ ወይስ ሳተ፣ ማን ያዘበት፣ እንዴት ወጣ የሚለው በቁጥርና በፊደል ሣጥኗ ውስጥ ይሰፍራል። ደንባቸው አንድ ነው፤ በዓይን ያልታየ አይጻፍም። ከሬዲዮ ሰምቶ መጻፍ፣ ከጎረቤት መገልበጥ ክልክል ነው። ሽንት ቤት እንኳ የሚሄዱት በዙር መካከል ብቻ እንደነበር ነግረውኛል። በኮሮና ጊዜ ሰው ሜዳ መግባት ሲከለከል፣ የዚያን ዓመት ገጽ «በሩ ተዘግቷል» ብለው ጽፈውበት ነጩን ትተውታል።

ዘንድሮ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ጠዋት ልብስ ሳለብሳቸው «ሁለት ቲኬት አለኝ» አሉኝ። «ሄጄ ድምፅ ብቻ ሰምቼ ብመለስ ምን ጻፍኩ እላለሁ? አንቺ ሂጂና እዪልኝ። እኔ ሬዲዮ አልከፍትም፣ ቴሌቪዥን አልከፍትም፤ ማንም ውጤቱን እንዳይነግረኝ እከለክላለሁ። ማታ መጥተሽ ታነቢልኛለሽ።»

እሺ ያልኩት አዝኜላቸው ነው ብል ውሸት ነው። አርብ ዕረፍቴ ነበር፣ ቲኬቱም በነፃ ነው። ከአለቃዬ ፈቃድ ጠየቅኩና ተፈቀደልኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ፣ የመድኃኒት ኩባያዎች በምሳ ትሪው ላይ እየደረደሩ አስተማሩኝ። ወርዋሪው አንድ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ የሚለው ሁለት፣ እያሉ እስከ ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ ስቶ ለወጣ «ኬ» የምትባለዋን ፊደል፤ ዱላውን ሳያነሳ ቆሞ ላለፈው ደግሞ ያችኑ ፊደል ገልብጦ። ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን በቃሌ ያዝኩት።

ሁለተኛው ቲኬት የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የኧርል ወንበር ነው» አሉ። ኧርል ሟች ባላቸው ናቸው። «ለሾፌሬ ስጪልኝ። ተስፋይ ይባላል፤ የአገርሽ ሰው ነው።»

በዚህ ከተማ ተስፋይ የሚባል ታክሲ ነጂ ፈልጎ ማግኘት የሚከብድ መስሎኝ ነበር። ኢስት ኮልፋክስ ላይ አንድ የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ፤ ባለሱቋ «ጉልበታቸውን የሚያማቸው?» አለችኝና ስልካቸውን ሰጠችኝ።

ጠዋት፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ

ጋሼ ተስፋይ ከእኔ ቀድመው ፌርማታው ላይ ቆመዋል። ጥቁር ካፖርትና ኮፍያ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ሐምራዊ ክራቫት። ሐምራዊ የቡድኑ ቀለም ነው። የተወለዱትም የተማሩትም አስመራ ነው፤ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። የሚስ ዶሪስን «የአገርሽ ሰው» ስነግራቸው ትንሽ ፈገግ አሉ። «ይሁንላቸው» አሉ። «ለእሳቸው ሁላችንም ከአንድ በር የወጣን ነን።»

ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ጠዋት ፀሐይ ወጥታበት ስለነበር መንገዱ ጭቃና ውኃ ነው። ኮልፋክስን ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ሊሠሩበት ቆፍረውታል፤ ብርቱካናማ ምልክቶች በየደረሱበት ተተክለዋል። አውቶቡሷ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። ሁለት ዶላር ከሰባ አምስት ከፈልኩ፤ ጋሼ የአዛውንት ቅናሽ አላቸው። ለምን በመኪናዬ እንዳልወሰድኳቸው እንዳያስቡ «ፓርኪንግ እኮ ዛሬ አይቀመስም» አልኳቸው።

«እኔ አላውቅም? ሃያ ዓመት ከዛው ነው እንጀራዬን የበላሁት» አሉ። «ኦፕኒንግ ዴይ፣ ይሄ የመክፈቻው ቀን፣ ማለት ለእኛ የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ማለት ነው። አንዱን ድሮፕ ሳደርግ ሌላው በሩን ይከፍታል። ሚስ ዶሪስን አሥራ አምስት ዓመት ወስጃቸዋለሁ። ሁልጊዜ ሲወርዱ "ና ግባ፣ ወንበሩ ባዶ ነው" ይሉኛል። እኔም "ኔክስት ይር" እላቸዋለሁ፤ ለከርሞ። በዚያ ቀን ሥራ ትቶ የሚገባ ሞኝ ነው።»

«አንድም ቀን አልገቡም?»

«በሩ ድረስ ብቻ። ከውስጥ ሲጮሁ እሰማና፣ ምን አይተው ነው ብዬ፣ ዞሬ እሄዳለሁ።» ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸው ፔዳል መርገጥ ሲያስቸግራቸው ታክሲውን መለሱ። ከዚያ ወዲህ ከሚስ ዶሪስ ጋር አልተገናኙም።

ወሬያቸውን ስሰማ ዓይኔ እጃቸው ላይ ነበር። ትልልቅ እጆች ናቸው፤ የግራ ትንሽ ጣታቸው ወደ ውጭ ጎብጣለች። በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን በረኛ ነበሩ። ጣቷን የሰበራት ኳስ መረብ ውስጥ እንዳልገባ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በሩ ላይ

መሀል ከተማ ወርደን፣ በአሥራ ስድስተኛው ጎዳና ላይ በነፃ የምትመላለሰውን አውቶቡስ ተሳፍረን፣ የቀረውን በእግራችን ሄድን። ጋሼ በጉልበታቸው ምክንያት ቀስ እያሉ ነው የሚራመዱት፤ ሐምራዊ የለበሰው ሕዝብ በግራም በቀኝም ያልፈናል። አርብ የሥራ ቀን ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ለአለቃው ምን ብሎ እንደወጣ አላውቅም። ጎልማሶች ሐምራዊ ቀለም ጢማቸው ላይ ቀብተዋል። ስታዲየሙ በቀይ ጡብ የተሠራ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የድሮ ፋብሪካ ይመስላል።

ጋሼ አንድ የመንገድ ማዕዘን ላይ ቆሙና መሬቱን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ። «እዚህች ጋ ነው የማወርዳቸው» አሉ። ከዚያ ማዶ ያለውን በር አዩትና ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ላስቲኬን አየ። ዕቃ የሚገባው በሚያሳይ ላስቲክ ብቻ ነው፤ ምግብ ግን ከቤት ይዞ መግባት ይቻላል። ጾም ስለሆነ ምስርና ጎመን በእንጀራ ጠቅልዬ ነበር። ክዳኑን ከፈተና ወደ ኋላ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ምሳ።»

«ሽታው ኃይለኛ ነው» አለና አሳለፈን። ሲያሳልፈን ግን አንዴ ደግሞ አሸተተ።

ስምንት ሰዓት ከአሥር

ወንበሮቻችን በስተቀኝ በኩል፣ ከሜዳው አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ከፊታችን ሣሩ፣ ከሣሩ በላይ ከተማው፣ ከከተማው ጀርባ በረዶ የለበሱት ተራሮች። እውነቱን ለመናገር ለተራሮቹ ብቻ ቲኬት ቢቆረጥ አይበዛባቸውም። ከላይኛው ፎቅ ላይ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ሐምራዊ ረድፍ ዙሪያውን ይታያል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ልክ አንድ ማይል ላይ ነው ይባላል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ብዙም አይደል።

ከአጠገባችን ሐምራዊ ጃኬት የለበሱ፣ ስልሳውን ያለፉ ሰውዬ ተቀምጠዋል። ጂም ይባላሉ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚስ ዶሪስ የወንበር ጎረቤት ናቸው። ደብተሩን እጄ ላይ ሲያዩ ደነገጡ። «ዶሪስ ሞተች?» አሉኝ። በሕይወት እንዳሉ፣ ለምን እንደመጣንም ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። «ከኮሮናው ዓመት ሌላ ያ ደብተር አንዲት ባዶ ሣጥን የለውም፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ እርሳሱን አጥብቄ ያዝኩት።

መዝሙር ተዘመረ፤ ጄቶች በላያችን አለፉ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ለማያውቀው አንባቢ፦ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ሊመታ ይሞክራል፤ የመታ ይሮጣል። በአንድ ዙር ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት ሰው ይወጣል፤ ዘጠኝ ዙር አለ። አብዛኛው ጊዜ ግን ምንም አይሆንም። ወርዋሪው ያያል፣ መቺው ያያል፣ ሁለቱም ምራቃቸውን ይተፋሉ። ሰዉ ኦቾሎኒ ይፈለፍልና ገለባውን እግሩ ሥር ይጥላል። ማን እንደሚጠርገው አሰብኩ፤ ከሚጠርጉት መካከል ሁለቱን አውቃቸዋለሁ።

ሆኖም መጻፍ ስጀምር ነገሩ ተለወጠ። ሥራ ቦታ በየሁለት ሰዓቱ ስለ እያንዳንዱ ሰው እጽፋለሁ፤ ተገላበጠ፣ ጠጣ፣ እምቢ አለ። የተማርነው ያላየሽውን እንዳትጽፊ፣ ያየሽውን እንዳትተዪ ነው። እዚህም ያው ሆነ። ዓይኔን ከሜዳው መንቀል አቃተኝ። የመጀመሪያውን «ኬ» ስጽፍ ደስ አለኝ፤ የእንግዳው ቡድን ይሁን የእኛ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ጋሼ ግን የሚያዩት ትልቁን ሰሌዳ ነው። ጂም አስተዋሏቸውና «የወርዋሪውን ሰዓት ነው የምታየው? ጎበዝ!» አሏቸው፤ ወርዋሪው እስኪወረውር ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ጋሼ የሚጠብቁት ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ነው። በጾም ከዘጠኝ በፊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ጂም ኦቾሎኒ ሲጋብዟቸው ደረታቸውን ይዘው «ሌተር፣ ሌተር» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት

ሦስተኛው ዙር እየሄደ ሳለ ሰሌዳው ዘጠኝ ሰዓትን አሳየ። ጋሼ ቀና ብለው አማተቡና እጃቸውን ዘረጉ።

እዚህ ላይ ማንም አማርኛ አንባቢ ምን እንዳደረግኩ ያውቀዋል። አባት የሚሆን ሰው ሊበላ እጁን ሲዘረጋ ቁጭ ብሎ ደብተር የሚጽፍ ልጅ አላደገብንም። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩት፣ የውኃውን ፕላስቲክ ከፈትኩ፣ ጎንበስ ብዬ አስታጠብኳቸው። ውኃው የኦቾሎኒው ገለባ ላይ እየፈሰሰ ነው። «ይበቃል ልጄ፣ ተባረኪ» እያሉኝ ነበር።

የዱላውን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የሰዉን ጩኸት፤ ጩኸቱ ወደኛ ነበር የሚመጣው። ቀና ስል ጂም ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ጋሼ ግን ተነስተዋል። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ እንዴት እንደተነሱ አላየሁም። ያየሁት ሁለት እርጥብ እጆች ከፊታቸው ሲገጥሙና ኳሷ መሀላቸው ስትቀር ነው። ጓንት የለ፣ ምን የለ። ውኃው ደብተሩ ላይ ተረጨ።

ሕዝቡ ፈነዳ። ሰሌዳው ላይ የጋሼ ፊት፣ ከነሐምራዊ ክራቫታቸው፣ የቤት ስፋት አክሎ ወጣ። እሳቸው ሰሌዳውን አላዩም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራምደው፣ በረኛ ኳስ ሲያስጀምር እንደሚያደርገው ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ ኳሷን ወደ ሜዳው መለሷት።

ከዚያ ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ «ኖ!» አለ። ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ ይስቃል። መስመሩ ዳር በርጩማ ላይ የተቀመጠች ኳስ ለቃሚ ልጅ ኳሷን አነሳቻትና ወደኛ አየች፤ ግራ ሲገባት ፊተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠች ሕፃን ሰጠቻት።

«ምን ሆነው ነው የሚጮሁት?» አሉኝ ጋሼ። «ጨዋታው እንዳይቆም ብዬ ነው እኮ።»

ጂም ናቸው ያስረዱን። በዚህ ጨዋታ ወንበር ውስጥ የገባች ኳስ አትመለስም። መቶ ኳስ በሣጥን አላቸው። የያዘ ሰው ቤቱ ወስዶ ዕድሜ ልኩን ያስቀምጣታል፤ ለልጅ ልጁ ያወርሳታል። ከዚያ ጂም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኧርል እዛች ወንበር ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ጓንቱን አጥልቆ ተቀምጧል» አሉ። «አንዲት እንኳ አልመጣችለትም። እሱ ከሞተ በኋላም ዶሪስ ወንበሩን ለሌላ ሰው ያልሸጠችው ለምን ይመስላችኋል? አንድ ቀን ትመጣለች ትል ነበር።»

ይሄንን ለጋሼ በአማርኛ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። ሰምተው ሲጨርሱ ቁጭ አሉ። እጃቸው ቀልቷል፤ ማበጥ ጀምሯል። ምግቡን አልነኩትም።

እኔ ደግሞ ያኔ ነው ደብተሩን ያየሁት። ገጹ በውኃ ተጨማዶ፣ ያች ሣጥን ባዶ ናት። ከመስመር ውጭ የወጣች ኳስ ስለማትቆጠር መቺው ደግሞ ይመታል፤ ኳሷን ወደኛ የመታው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አላየሁም። ወጥቷል፤ ሌላ መቺ ቆሟል። ጂም አንገታቸውን አስግገው «ስድስት ወደ ሦስት» አሉኝ። «መሬት ለመሬት መታ፣ ተያዘና ወጣ። እኔ አይቻለሁ። ስድስትና ሦስት ጻፊ፣ ያልቃል።»

እርሳሱን ሣጥኗ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አልጻፍኩም። ራሴን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም፤ ተናድጄ ነበር። በውኃው፣ በጋሼ፣ በጂም፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የተባልኩት፣ እዪ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስድስት ዙር ዓይኔን ሳልነቅል ጻፍኩ። ቡድናችን ሰባት ለአራት ተሸነፈ። ሕዝቡ እንደ ዝናብ ቀን ቆጥሮት፣ ሳይከፋው፣ ገለባውን እየረገጠ ወጣ። ጂም ሲሰናበቱን ጠጋ አሉና «ስለ ኳሷ ለዶሪስ ባትነግሯትስ?» አሉን።

ስንመለስ

የመልሱ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንድ ወጣት ለጋሼ ተነሳላቸው። ኮልፋክስ ላይ እንደ ጠዋቱ እየቆምን፣ ሱቆቹን አንድ በአንድ እያለፍን፣ ሩብ መንገድ ያህል ሄድን።

«ሙሉዬ» አሉኝ ጋሼ በመጨረሻ፤ ስሜ ሙሉወርቅ ነው። «ያ ሰውዬ የነገረሽን ቁጥር ጻፊው። ማን ያውቃል? የእሳቸው ደብተር በእኔ ምክንያት ሊጎድል ነው። ስለ ኳሷም ዝም እንበል። የባላቸውን ኳስ እጄ ላይ አግኝቼ ጣልኳት ብዬ በምን አፌ ነው የምነግራቸው?»

ቁጥሩን ብጽፈው ማንም አያውቅም፤ ሚስ ዶሪስ አያዩትም፣ ቁጥሩም እውነት ነው። ግን ያ ደብተር ለራሱ ባለቤት እንኳ አልዋሸም። በሩ በተዘጋበት ዓመት በሩ ተዘግቷል ነው የሚለው። እርሳሱን አወጣሁ፤ አውቶቡሷ እየተንገጫገጨች ነው፤ መልሼ ከተትኩት።

«ሣጥኗን አልሞላትም ጋሼ» አልኳቸው። «የኳሷን ነገር እርስዎ እንዳሉ።»

አንድ ሰዓት፣ ሚስ ዶሪስ ክፍል

ሚስ ዶሪስ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሐምራዊ ሹራብ ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ተነቅሏል። የማታዋ ሠራተኛ ሹክ አለችኝ፦ ቀኑን ሙሉ ማንንም አናግረው አልዋሉም፤ ራት ያደረሰላቸውን ልጅ ገና አፉን ሲከፍት «ዝም በል!» ብለውት ደንግጦ ነበር።

ጋሼ ሰላምታ እየሰጡ ሲገቡ ድምፃቸውን ለዩት። «ተስፋይ! በመጨረሻ ገባህ?»

«ገባሁ፣ ሚስ ዶሪስ» አሉ ጋሼ። ኮፍያቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆሙ።

ማንበብ ጀመርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ እያንዳንዱን ቁጥር ይጽፋል። በሁለተኛው ዙር አንድ «ተያዘ» ስል «ማን?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሁለተኛው መቺ ጋ ደረስኩና ቆምኩ።

«እሺ፣ ቀጥይ።»

«ይሄኛው ባዶ ነው» አልኳቸው። «አላየሁም።»

ጣታቸው ቆመ። «ለምን አላየሽም?»

አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። በዚያ በታክሲ እንግሊዝኛቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሚስ ዶሪስ እንደማያዩት እያወቁ አሳዩአቸው። ሰዓቱ እንደደረሰ፣ እጃቸውን እንደታጠቡ፣ ኳሷ እንደመጣች፣ እንደያዟት። እንደመለሷት። «አላወቅሁም ሚስ ዶሪስ» አሉ። «በእኛ ጨዋታ ኳስ ይመለሳል። ሚስተር ኧርልን በድያለሁ። ይቅርታ።»

ሚስ ዶሪስ ፊታቸውን ወደ ጋሼ ድምፅ አዞሩ። ፈራሁ። ከአፍንጫቸው የተያያዘው የኦክስጅን ማሽን ብቻ ይሰማል።

«ኧርል ወንበር ላይ?»

«አዎ።»

«በባዶ እጅህ?»

«አዎ።»

«በእርጥብ እጅ?»

«አዎ፣ እርጥብ ነው።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ብድግ አልኩ። እየሳቁ ነበር። ቱቦው ከአፍንጫቸው እስኪወልቅ ሳቁ፤ ቱቦውን ስመልስላቸው እጄን ያዙኝ። «ኧርል ቢሆን ይጥላት ነበር» አሉ። «አሥራ ሦስት ዓመት ጓንት ይዞ የሄደው እኮ መያዝ ስለማይችል ነው! እኔ የወረወርኩለትን ቁልፍ እንኳ ይዞ አያውቅም።» አሁን እንባው መጣ፣ ግን ሳቁም አልተወም። ጋሼ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ መሳቃቸው ይሁን ማልቀሳቸው አልለየሁም።

«ሣጥኗን ጻፊባት» አሉኝ ሚስ ዶሪስ።

«መቺውን አላየሁትም፣ ሚስ ዶሪስ።»

«መቺውን ማን ጠየቀሽ? ያየሽውን ጻፊ።»

ሣጥኗ ጠባብ ናት። በእንግሊዝኛ አልበቃ ስላለኝ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ጋሼ ተስፋይ፣ በእርጥብ እጅ፣ ያዙ። መለሱ።» የጻፍኩትን ስነግራቸው ጣታቸውን ወስጄ ገጹ ላይ አደረግኩላቸው። ውኃው ያጨማደደውን ቦታ ዳሰሱት፤ ወደ ላይ ወደ ታች ሄዱበት። ከዚያ «እሺ፣ ቀጥይ» አሉ፤ እስከ ሰባት ለአራት ድረስ አነበብኩላቸው።

ልንወጣ ስንል ጠሩን። «ተስፋይ። ኔክስት ይር?»

አሥራ አምስት ዓመት ጋሼ ራሳቸው ለሚስ ዶሪስ የመለሱት መልስ ነበር። ጋሼ በሩን ይዘው ቆሙ። «ኔክስት ይር» አሉ።

«ብትይዛት ግን እንዳትመልሳት።»

ቤት

ጋሼን ቤታቸው አድርሼ እኔም ቤቴ ገባሁ። ሳንበላው የቀረውን ምስር አሙቄ ቆሜ በላሁ። የበላሁበትን ሳጥብ፣ ይሄ ጉዞ ምን አስተማረኝ ብዬ አሰብኩ፤ የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው የሆነ ነገር መማር አለበትና። ቤዝቦል አሁንም በጣም ረጅም ነው። ኳሷን ግን እንዳላየሁ ለማንም አልናገርም፤ አይቻታለሁ። ለማየት የተላክሁት ሌላ ነገር ነበር፣ ዞር ያልኩት ሰው እጅ ላይ ውኃ ላፈስ ነው፣ ደግሜ ብሄድም ዞር እላለሁ። ይሄንን ካወቅሁ ቀኑ በከንቱ አልዋለም።

ሰኞ ጠዋት ሺፍት ገብቼ የሚስ ዶሪስን መጋረጃ ስከፍት ነቅተዋል። ደብተሩ ደረታቸው ላይ ተከፍቷል፤ የሚያነብላቸው ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። ጣታቸው የተጨማደደው ቦታ ላይ ነው።

«እዚህ ጋ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«እዚህ ጋ ነው» አልኳቸው።